የሙሉጌታ ሥራው ነገር ዛሬም ለምን ያመናል?

ኅዳር ስለሆነ ይመስለኛል፣ በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ አንድ ስም ያነሳሉ፤ ሙሉጌታ ሥራው። አራቱን መርጬ እመልሳለሁ። ታሪኩን ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ላስቀምጠው። ሙሉጌታ አሜሪካ ውስጥ፣ ኦሬጎን ግዛት፣ ፖርትላንድ ከተማ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ነበር። ኅዳር 4 ቀን 1981 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ኖቬምበር 13 ቀን 1988፣ ዘረኛ ወጣቶች ደብድበው ገደሉት። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ የፈረንጅ ናቸው።

«ልጄ ለምን አልነገርሽኝም አለችኝ»

«ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምኖረው ፖርትላንድ ነው፣ ከመጣሁ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖኛል። ልጄ 9ኛ ክፍል ናት። ባለፈው ከትምህርት ቤት መጥታ ‹ማሚ፣ እዚህ ከተማ በቤዝቦል ዱላ ተደብድቦ የተገደለ ሐበሻ እንዳለ ታውቂያለሽ?› አለችኝ። አውቃለሁ። እዚህ እንደመጣሁ የሰማሁት ነው። ግን ደነገጥኩና ‹የድሮ ነገር ነው፣ ተይው› አልኳት። ተቆጣች። ‹ለምን አልነገርሽኝም?› አለች። ማታ ከጓደኞቿ ጋር ስትወጣ ሁልጊዜ የት ደረስሽ እያልኩ እደውላለሁ። አሁን ስደውል ‹በእሱ ምክንያት ነው አይደል?› ትለኛለች። ባለቤቴ ደግሞ ልጅን በዘር ጉዳይ ማስፈራራት ጥሩ አይደለም ይላል። ምን ልበላት? ቦታውንስ ላሳያት?»

እህቴ፣ ይንገሯት። ቦታውንም ያሳዩዋት። ግን ከሞቱ አይጀምሩ፣ ከሰውየው ይጀምሩ።

ሙሉጌታ ሲሞት 28 ዓመቱ ነበር። አሜሪካ የሄደው ለትምህርት ነው። ለአንድ መኪና አከራይ ድርጅት፣ ኤርፖርት ደንበኛ የሚያመላልስ አውቶቡስ ይነዳ ነበር። አገር ቤት ትንሽ ወንድ ልጅ ነበረው። እንግዳው ብርሃኑ የሚባል አጎት እዚያው አሜሪካ ነበረው፣ ኋላ ፍርድ ቤት የሄደው እሱ ነው። ልጅዎ ይህን ስትሰማ ሰውየው የምታውቀው ሰው ይሆንላታል። ጠዋት ኮሌጅ ማታ ሥራ የሚል ዘመድ የሌለው ቤት የት አለ? ትምህርት ቤት የሰማችው ስለ አንድ ተጠቂ ነው። ከእርስዎ መስማት ያለባት ስለ አንድ ሐበሻ ወጣት ነው።

ከዚያ ሌሊቱን ይንገሯት። ቅዳሜ ለእሁድ አጥቢያ ነው። ሙሉጌታ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር አምሽቶ በመኪና ቤቱ ድረስ ሸኙት። ቤቱ ሳውዝ ኢስት 31ኛ ጎዳና፣ ከፓይን መንገድ አጠገብ ነበር። መኪናው ቆመ፣ ወሬው ግን አላለቀም። ይህን የማያውቅ ሐበሻ የለም። እኛ ስንሰነባበት ቶሎ አንለያይም፣ «በል እንግዲህ ደህና እደር» ከተባለ በኋላ፣ በሩ ተከፍቶ አንድ እግር መሬት ረግጦ ጨዋታው እንደ አዲስ ይጀመራል። እነሱም በዚያ ላይ እያሉ ነው ሦስት ስኪንሄዶች፣ ጭንቅላታቸውን የሚላጩ ቡድነኛ ወጣቶች፣ ያሉበት መኪና የመጣው። መንገድ ዘጋችሁ በሚል ጠብ ተነሳ። ስድቡ ወዲያው የዘር ስድብ ሆነ። ወረዱና ጓደኞቹን ደበደቡ፣ የመኪናውን መስታወት ሰባበሩ። ኬኔት ሚስኪ የሚባለው የሙሉጌታን ጭንቅላት በቤዝቦል ዱላ ደጋግሞ መታው። ሙሉጌታ ሰዓታት ሳይቆይ ሆስፒታል ውስጥ አረፈ።

ከዚህ ታሪክ ሁሉ እኔ ከአእምሮዬ አልወጣ ያለኝ መሰነባበቱ ነው። ዱላው ያረፈው በአንድ ሰው ላይ ነው። ፍርሃቱ ግን ደጃፍ ላይ ቆሞ መጫወትን ራሱን ያዘው። መኪና ውስጥ ቁጭ ብለሽ አታውሪ፣ ቶሎ ግቢ፣ ደጅ ላይ ድምፅሽን ቀነስ አድርጊ፣ ስትደርሺ ደውይ። ይህን ከሚሉት ወላጆች ስንቱ 1988 ላይ ፖርትላንድ ነበር? ብዙው ከቀደመው ሰው ሰምቶ ነው። የሰማው ደግሞ ለልጁ አወረሰ። በመሃል ጥንቃቄው ቀረ፣ ምክንያቱ ጠፋ። ልጅዎ እጅ የገባው ምክንያት የሌለው ጥንቃቄ ነው፣ ስልክዎ የሚያናድዳትም ለዚህ ይመስለኛል። እናቴ ታምነኛለች ወይስ አታምነኝም ብላ ስታስብ ኖራ፣ አሁን ድንገት ከስልኩ ጀርባ የሞተ ሰው እንዳለ አወቀች። በዚያ ላይ ያወቀችው ከሌላ ሰው ነው።

የዘር ግድያ ከሌላ ግድያ የሚለየውም እዚህ ላይ ነው። ሌባ ሰው ሲገድል ጎረቤት «ባይታገለው ኖሮ»፣ «በዚያ ሰዓት ባይወጣ ኖሮ» ይላል፣ እንዲህ ብሎ ራሱን ያረጋጋል። በቆዳው ቀለም የተገደለ ሰው ጋ ይህ አይሠራም። ሙሉጌታ ምን ቢያደርግ ነበር የሚተርፈው? ቤቱ ደጅ ነው የነበረው። ስለዚህ የቀረነው በሙሉ «እኔም ልሆን እችል ነበር» እንላለን፣ ውሸትም አይደለም። እንዲህ ያለው ስሜት የገባበት ሰፈር ቶሎ አይለቀውም። ሰውየውን በአካል የማያውቁት እንኳ ለዓመታት መንገዳቸውን ይቀይራሉ፣ ማታ ሥራ ይተዋሉ፣ ቤት ሲከራዩ ጎረቤቱ ማነው ብለው ይጠይቃሉ።

«ተይው» ስላሏት ራስዎን አይውቀሱ። ይህ ዝምታ ከየት እንደመጣ ላስታውስዎ። በዚያን ጊዜ አሜሪካ ከነበሩት ወገኖቻችን ብዙዎቹ ከደርግ የሸሹ ናቸው። በቀይ ሽብር ዘመን ልጅ የተገደለበት ቤት ድንኳን ጥሎ ማልቀስ አይችልም ነበር። ጥቁር መልበስ ያስጠይቃል። ልጃቸውን የገደለውን ጥይት ዋጋ ክፈሉ የተባሉ እናትና አባት ነበሩ። ያ ትውልድ ሐዘኑን ዋጥ ማድረግ ተምሮ ነው የተሰደደው፤ ከዚያ ደግሞ ነፍሱን ሊያተርፍ በሄደበት አገር ወንድሙን ገደሉበት። ምን ይበል? ለማን ይበል? ዝም አለ። እርስዎ ዘግይተው ቢመጡም የተቀበሉዎት እነሱ ናቸው፣ ከእንጀራውና ከቤት ፍለጋው ጋር ዝምታውንም ተቀብለዋል።

ባለቤትዎ አንድ ነገር ላይ ልክ ናቸው፣ ልጅ ማስፈራራት ጥሩ አይደለም። ግን ልጅቷ ሰምታለች። የቀረው ጥያቄ ቀሪውን ከማን ትስማ የሚለው ነው። ከእናንተ ካልሰማች ስልኳ ላይ ትፈልገዋለች፣ እዚያ ደግሞ እውነቱም የገዳዮቹ አድናቂዎች የጻፉትም ጎን ለጎን ይወጣላታል።

ቦታውን ሲያሳዩዋት በቀን ይሁን፣ ከተቻለ አባትየውም አብረው ይሂዱ። በ2018፣ 30ኛው ዓመት ሲታሰብ፣ በዚያ ሰፈር የመንገድ ስም ከተጻፈባቸው ምልክቶች በላይ የሙሉጌታ መታሰቢያ ተሰቅሏል። ቀና ብላ ስሙን ታንብብ። ከዚያ አብራችሁ አንድ ቦታ ቁጭ በሉና ትጠይቅ። ብታለቅስ ዝም በይ አትበሏት። ስለ ስልኩም እዚያው ተስማሙ፣ ስትደርስ አንድ መልእክት ትላክ፣ እርስዎም በየግማሽ ሰዓቱ መደወሉን ይተዉ። ሰው መንገድ ላይ ቢሰድባት ምን እንደምታደርግም በግልጽ ንገሯት፦ አትመልስለት፣ ሰው ወዳለበት ሱቅ ግቢ፣ የመኪናውን ታርጋ ካየሽ ያዢ፣ ከዚያ እኛ ጋ ደውይ፣ የት ነበርሽ ብለን አንቆጣሽም። የመጨረሻዋን ደጋግሙላት። ብዙ ልጆች የደረሰባቸውን የሚደብቁት ሰዳቢውን ፈርተው አይደለም፣ «ድሮም አትውጪ ብዬሽ ነበር» የምትለዋን ፈርተው ነው።

«ጠብ ነበር፣ ፍርዱም ተሰጥቷል፣ አሁን ምን ይጠቅማል?»

«አዘጋጁ እንደምን ሰነበትክ። ቨርጂኒያ ነው ያለሁት፣ ጡረታ ወጥቻለሁ። ስለ ሙሉጌታ በየዓመቱ ይጻፋል። እኔ የማውቀው መንገድ ዘጋህ አልዘጋሁም በሚል የተነሳ ጠብ መሆኑን ነው። ገዳዩ እስር ቤት ሞቷል። ፍርድ ቤቱ 12.5 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ወስኗል። ሌላ ስንት ወገን ያለ ፍርድ ሞቶ ቀርቷል! ይህን እያነሳን ልጆቻችንን ተጠቂ ነን ብለው እንዲያድጉ ባናደርግ ምናለ?»

ጋሼ፣ ስለጻፉልን እናመሰግናለን። ይህን ሐሳብ በልቡ የያዘ ብዙ ሰው አለ፣ አውጥተው መናገርዎ ጥሩ ነው። እኔ ግን አልስማማም።

ጠቡ በመኪና መነሳቱ እውነት ነው። መንገድ ዘጋህ የሚል ጠብ በየቀኑ አለ፣ በክላክስ ያልቃል። ይህኛውን ወደ ሞት የወሰደው ሰዎቹ ይዘውት የመጡት ነገር ነው። «ኢስት ሳይድ ዋይት ፕራይድ» የሚባል የነጭ የበላይነት ቡድን አባላት ነበሩ። ሚስኪ በ1989 ጥፋቱን ሲያምን ሙሉጌታን በዘሩ ምክንያት መግደሉን ነው ያመነው። ገዳዩ ራሱ ያመነውን እኛ «ጠብ ነበር» ብለን የምናቀልበት ምክንያት አይታየኝም።

ስለ ካሳውም ማን ላይ እንደተፈረደ ማወቅ ያስፈልጋል። ካሊፎርኒያ ውስጥ ፎልብሩክ በምትባል ከተማ የሚኖር ቶም ሜትዝገር የሚባል ቴሌቪዥን ጠጋኝ ነበር። ኩ ክላክስ ክላን የሚባለው የነጭ ዘረኞች ድርጅት የቀድሞ መሪ ነው። በኋላ «ዋይት አርያን ሪዚስታንስ» የሚባል ድርጅት አቋቁሞ በጋዜጣ፣ በስልክ መልእክትና በኬብል ቴሌቪዥን ስኪንሄድ ወጣቶችን ይመለምል ነበር። በዚያ ሌሊት ፖርትላንድ አልነበረም። እጁ ዱላ አልነካም። አጎትየው እንግዳው ብርሃኑ በሟች ስም ሲከሱ፣ ጠበቃው ሞሪስ ዲስ፣ ሳውዘርን ፖቨርቲ ሎው ሴንተርና አንቲ ዲፋሜሽን ሊግ ከሚባሉ የጥላቻ ቡድኖችን የሚታገሉ ሁለት ድርጅቶች ጋር ሆነው ያነሱት ክርክር ይህ ነው፦ ሜትዝገር ወኪሉን ፖርትላንድ ልኮ እነዚህን ወጣቶች አነሳስቷል፣ ስለዚህ ተጠያቂ ነው። ዳኛው አንሰር ሃገርቲ የሚባሉ ጥቁር አሜሪካዊ ነበሩ። ሜትዝገር ያለ ጠበቃ ራሱ ተከራከረ። በኦክቶበር 1990 ዳኝነት የተቀመጡት ነዋሪዎች እሱን፣ ልጁን ጆንን፣ ድርጅቱንና ከገዳዮቹ ሁለቱን ጥፋተኛ አሉ። 12.5 ሚሊዮኑ የመጣው ከዚህ ነው። በአሜሪካ የዘረኛ ድርጅት መሪ አባሎቹ ለሠሩት በገንዘብ የሚጠየቅበት መንገድ እንዲሰፋ ከረዱ ፍርዶች አንዱ ነው፣ ለዚህም በሐበሻ ስም መነሳቱ ሊያኮራን ይገባል።

ገንዘቡስ? ከዚያ ሁሉ ሚሊዮን የተሰበሰበው ጥቂት ነው፣ ሰውየው ሀብታም አልነበረም። ቤቱን አጥቷል። ከተገኘው የሙሉጌታ ልጅ ተጠቀመ። ያ አገር ቤት የቀረው ትንሽ ልጅ ኋላ አሜሪካ መጥቶ ተምሮ ፓይለት ሆኗል። ይህን ስጽፍ ደስ ይለኛል፣ ግን አባት አይተካም። ሜትዝገር በ2020 እስኪሞት ድረስ አመለካከቱን አልተወም። ሚስኪ እርስዎ እንዳሉት በ2011 እስር ቤት እንዳለ ሞተ፤ ሁለቱ ግብረ አበሮቹ ግን እያንዳንዳቸው 20 ዓመት ተፈርዶባቸው ወጥተዋል። የሙሉጌታ ሰዎች በሚኖሩበት አገር እነሱም ይኖራሉ።

ፍርዱ የተሰጠው ለሟች ቤተሰብ ነው፣ መሆን ያለበትም እንደዚያ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማታ መውጣት የተወችው ሴት ግን የትኛው መዝገብ ላይ ነው ያለችው? ከሙሉጌታ ጋር መኪናው ውስጥ የነበሩት ሁለቱ ጓደኞቹ ያን ሌሊት በምን ረሱት? የፍርድ ቤት ሥራ ሲያልቅ የማኅበረሰቡ ሥራ ይጀምራል፣ እኛ ጋ ደግሞ እሱ ነው ሳይሠራ የቆየው።

የቦታውም ነገር አለ። ኦሬጎን በ1859 ግዛት ሆና ወደ አሜሪካ ስትቀላቀል ሕገ መንግሥቷ ጥቁር ሰው መጥቶ እንዳይኖርባት፣ መሬትና ቤት እንዳይኖረው ይከለክል ነበር። ያ አንቀጽ የተሻረው በ1926 ነው። የቀሩት የዘር ቃላት ከሕገ መንግሥቱ የወጡት ደግሞ በ2002 ሕዝብ ድምፅ ሰጥቶበት ነው። ልብ ይበሉ ጋሼ፣ ሙሉጌታ ሲሞት እነዚያ ቃላት ገና አልወጡም ነበር። እኛ በዲቪ፣ በስደትና በትምህርት ስንሄድ ይህን ማንም አልነገረንም። ጥቁር አሜሪካውያኑ ግን ያውቁ ነበር። ከሙሉጌታ ሞት በኋላ ብዙ ሐበሻ «እኛ እኮ ሌላ ነን» የሚለውን ያቆመው ያኔ ነው፣ ዱላ የያዘው ሰው ከየት መጣህ ብሎ አልጠየቀማ።

ከዚያ 2017 መጣ። ሜይ 26 ቀን ፖርትላንድ ባቡር ውስጥ አንድ ሰው ሁለት ጥቁር ልጃገረዶችን፣ አንዷ ሒጃብ የለበሰች፣ በዘርና በሃይማኖት ይሳደብ ጀመር። ተው ካሉት ተሳፋሪዎች ሁለቱን በቢላ ገደለ፣ ሦስተኛውን አቆሰለ። በዚያ ቀን የፖርትላንድ ሐበሻ ምን አሰበ ብለው ይገምታሉ? ገና የተገደሉትን ስም ሳይሰማ የሙሉጌታን ስም ነው የጠራው። የድሮ የሚባለው ነገር ድሮ እንዳልቀረ ከዚህ በላይ ምን ያስረዳል?

ልጆች ተጠቂ ነን ብለው እንዳያድጉ የሚለው ስጋትዎ ግን ይገባኛል፣ እኔም የምሰጋው ነው። መፍትሔው ታሪኩን እስከ መጨረሻው መንገር ይመስለኛል። አጎት ከሰሰ፣ አሸነፈም። ልጅ አደገ። በዚያች ከተማ ነጮችም ያሉባቸው ወጣቶች፣ ከስኪንሄዶቹ መካከል ዘረኝነትን የሚቃወሙት ጭምር፣ ተደራጅተው እነዚያን ቡድኖች ለዓመታት ከየጭፈራ ቤቱና ከየመንገዱ ታግለው አስወጡ። ልጅ ይህን ሁሉ ሲሰማ አንገቱን አይደፋም። አንገት የሚያስደፋው ግማሹን ብቻ መስማት ነው።

«አባቴ ፈሪ ነው?»

«ስሜን አታውጡት። 20 ዓመቴ ነው፣ የተወለድኩት ፖርትላንድ ነው። አባቴ እዚህ የመጣው በ1989 ነው። ሬስቶራንት ውስጥ በስልክ በአማርኛ ሳወራ ‹ቀስ በል› ይለኛል። ፖሊስ ካስቆመን ድምፁ ይለወጣል። ሥራ ቦታ ስሙን አሳጥሮ የፈረንጅ ስም አድርጎታል። ስለ ሙሉጌታ ስጠይቀው ‹እግዚአብሔር ነፍሱን ይማር› ብሎ ይነሳል። አንዳንዴ ፈሪ ነው ብዬ አስባለሁ፣ ከዚያ ይጸጽተኛል።»

አይ ልጄ፣ አባትህ ፈሪ አይደለም። ዓመቱን ልብ በል። በ1989 ነው ያልከኝ። ሙሉጌታ ከሞተ ዓመት እንኳ ሳይሞላው ሊሆን ይችላል። የገዳዮቹ ጉዳይ ገና ፍርድ ቤት የነበረበት ጊዜ ነው። የተቀበሉት ሰዎች የመጀመሪያውን ሳምንት ምን እየነገሩት እንዳሳለፉ አስበው፣ በየትኛው መንገድ አትሂድ፣ የተላጨ ጭንቅላትና ወታደር ጫማ ካየህ መንገድ ተሻገር። አባትህ እንግሊዝኛውን ሳያጣራ ይህን ተማረ። ከዚያ ወደ ሌላ ከተማ አልሸሹም፣ እዚያው ሠርተው፣ ቤት ይዘው፣ አንተን ወልደው አሳደጉ። ፈሪ ሰው ይህን አያደርግም።

«ቀስ በል» የሚሉህ ቋንቋው አሳፍሯቸው አይመስለኝም። አንተ እዚያ ተወልደህ ስታወራ ሰው እንግዳ ነው ብሎ አያይህም፣ ቢያይህም መልስ አለህ። እሳቸው ግን ድምፅ ሲሰማ ዞር የሚልን ፊት ማንበብ የተማሩት በዚያ ዘመን ነው። ሰውነታቸው ለምዶታል። አሁን ቁም ብትለውም አይቆምም።

ግን «ነፍሱን ይማር» ብለው እንዲነሱ ሁልጊዜ አትተዋቸው። ፊት ለፊት አስቀምጠህ ስለ ግድያው ንገረኝ ብትላቸው አይሆንም፣ የእኛ አባቶች እንደዚያ አይናገሩም። መኪና ውስጥ ሞክር፣ አንተ እየነዳህ። ስለ ሙሉጌታ አትጠይቅ። መጀመሪያ ቀን ኤርፖርት ማን ተቀበለህ በላቸው። የመጀመሪያ ቤትህ የት ነበር፣ ከማን ጋር ትኖር ነበር፣ ማታ ከሥራ በምን ትመለስ ነበር። በምን ትመለስ ነበር የሚለው ላይ ይመጣሉ። ሲመጡ አታቋርጣቸው፣ «እና ለምን አልታገላችሁም» አትበል።

ከፈቀዱልህ ቅዳ። በ1988 28 ዓመት የሆነው ሰው ዛሬ ስድሳውን አልፏል። የዚያን ጊዜ የፖርትላንድ ሐበሻ ምን እንደሆነ በእንግሊዝኛ የተጻፈው ብዙው በጋዜጠኛና በጠበቃ ዓይን ነው። ገዳዮቹ ማን እንደሆኑ፣ የት እንዳደጉ፣ ምን ሙዚቃ እንደሚሰሙ ዝርዝሩ አለ። ቡናው ላይ ምን ተባለ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ማን አለቀሰ፣ ለለቅሶው ገንዘብ ማን ሰበሰበ፣ ያን ክረምት ማን ከተማውን ለቀቀ፣ ይህን የሚያውቁት አባትህና እኩዮቻቸው ናቸው። አንተና ጓደኞችህ ስልካችሁን ይዛችሁ በየሰንበቱ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ አንድ አንድ ሰው ብታናግሩ ትልቅ ሥራ ነው። በአማርኛ ይናገሩ። ድምፃቸውንም ቀስ አያድርጉ።

ስለ ስማቸው አንድ ነገር ልበል። ስም ማሳጠር የብዙ ስደተኛ ኑሮ ነው፣ ሁሉንም ከፍርሃት አትቁጠረው። አሠሪው መጥራት ስላቃተው ብቻ የተቀየረ ስም ስንት አለ። ራሳቸውን ጠይቃቸው።

«ወንድሜ ኦሬጎን ሊሄድ ነው»

«ከአዲስ አበባ ነው። ታናሽ ወንድሜ ፖርትላንድ ለትምህርት ተቀባይነት አግኝቷል። ስለ ሙሉጌታ ካነበብኩ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። እማዬ አትሂድ ብላዋለች። እናንተ ምን ትላላችሁ?»

ይሂድ። እናትሽን በርቺ በያት።

የዛሬዋ ፖርትላንድ የ1988ቷ አይደለችም። የ2017ቱን ከላይ ጽፌዋለሁ፣ ስለዚህ ምንም የለም ብዬ አላታልልሽም። ግን ሙሉጌታ በነበረበት ጊዜ ሐበሻው ጥቂት ነበር፣ ዛሬ ቤተ ክርስቲያኑም፣ ምግብ ቤቱም፣ የማኅበረሰብ ማኅበሩም አለ። ወንድምሽ እንደደረሰ ከትምህርት ቤቱ ሌላ አንድ የሐበሻ ደጅ ይኑረው። ሃይማኖተኛ ባይሆንም እሁድ ብቅ ይበል፣ ሰው የሚያውቀው ሰው ይሁን። ብቻውን አፓርታማ ከመከራየቱ በፊት እዚያ የቆየ ሰው ስለ ሰፈሩ ይጠይቅ።

ሕጉም ተለውጧል። ኦሬጎን በ2019 በጥላቻ ስለሚፈጸም ወንጀል ያላትን ሕግ አሻሽላለች። በ2020 መጀመሪያ ደግሞ የግዛቱ የፍትሕ መሥሪያ ቤት፣ በዘሩ ወይም በመጣበት አገር ምክንያት የተሰደበም የተጠቃም ሰው የሚደውልበት የስልክ መስመር ከፍቷል። ፖሊስ ጋ መሄድ የማይፈልግ ሰው ፖሊስ ሳይገባበት ያናግራቸዋል፣ ወንጀል ደረጃ ያልደረሰ ነገርም ቢሆን ይሰሙታል። ብዙ ወገናችን ይህ መኖሩን ስለማያውቅ የደረሰበትን ይዞ ቁጭ ይላል፣ በተለይ አዲስ የመጣ ሰው ወረቀቴ ላይ ችግር ያመጣብኛል ብሎ ይፈራል። ወንድምሽ ከመሳፈሩ በፊት ቁጥሩን ከግዛቱ የፍትሕ መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ ወስዶ ስልኩ ውስጥ ያስገባው። እንግሊዝኛ ቢያስቸግረው አስተርጓሚ ያቀርባሉ፣ ሲደውል «አማርኛ» ብሎ ይጠይቅ።